ከመድኃኒቱ ጋር ውሃውም ይለካ

በከተማችን መድኃኒት እንደ ቡና ቁርስ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲተላለፍ ማየት የተለመደ ነገር ሆኗል። «የእኔን ልጅ ፈውሶታልና ለአንቺም ልጅ ስጪው» ይባላል። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድም ከሻንጣው አንድ ብልቃጥ አውጥቶ «ለዚህ በሽታ ጥሩ ነው» ብሎ ይሰጣል። ሰጪውም ተቀባዩም ክፉ አላሰቡም። ይሁን እንጂ ስማቸው አንድ ሆኖ መጠናቸው እንደ በሽታው ዓይነት ፈጽሞ የሚለያይ መድኃኒቶች አሉ። ከእነዚህም አንዱን ዛሬ ላነሣላችሁ ፈልጌአለሁ። ስሙ ዴስሞፕሬሲን ይባላል።

እኔ በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆሜ ብዙ ዓመት የሠራሁ፣ ልጆችም ያሳደግሁ ሴት ነኝ። ስለዚህ መድኃኒት የጠየቁኝን ሦስት ሴቶች አልረሳቸውም። አንደኛዋ ሌሊት አልጋ ላይ የሚሸና የ8 ዓመት ልጅ እናት ናት። ሁለተኛዋ እናቷ በሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት እየተነሡ እንቅልፍ ያጡባት ሴት ናት። ሦስተኛዋ በፒቱታሪ ዕጢዋ ላይ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ ውሃ ጠጥታ መርካት ያቃታት ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት። ሦስቱም ይዘውት በመጡት ነገር ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነበር። ሊነገራቸው የሚገባው ምክር ግን አንድ አልነበረም። እንዲያውም ለአንደኛዋ «ልጁ ሲታመም አቁሚ» የሚባለው መድኃኒት፣ ለሦስተኛዋ «ብትታመሚም እንዳታቋርጪ» የሚባል ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከራሳችን ሰውነት እንነሣ። ከአንጎላችን ሥር የአተር ፍሬ የምታህል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች። ከዚህች ዕጢ ወደ ደም የሚገባው ቫሶፕሬሲን የሚባል ሆርሞን ለኩላሊት «ውሃውን መልስ እንጂ አታፍስስ» የሚል ትእዛዝ ያደርሳል። ሌሊት ይህ ሆርሞን በርከት ስለሚል ሽንታችን ይቀንሳል፤ እኛም ሳንነሣ እናድራለን። የተፈጥሮው ሆርሞን ግን በደቂቃዎች ውስጥ የሚፈርስ ከመሆኑም በላይ የደም ሥሮችን ያጠባል። እ.ኤ.አ. በ1967 በፕራግ ከተማ ሚላን ዛዎራልና የሥራ ባልደረቦቹ የሆርሞኑን አሠራር በጥቂቱ ለውጠው ዴስሞፕሬሲንን ሠሩ። ይህ ሰው ሠራሽ ሆርሞን የደም ሥርን እምብዛም ሳያጠብ፣ ለኩላሊት የሚሰጠውን ትእዛዝ ለብዙ ሰዓታት ያቆያል።

እንግዲህ የመድኃኒቱ ጥቅምም አደጋውም ከዚሁ አንድ ምንጭ የሚፈልቁ ናቸው። ኩላሊት ውሃ እንዳያፈስ ከታዘዘ በኋላ ሰውየው ውሃ አብዝቶ ቢጠጣ፣ መውጫው በር ተዘግቷልና የተጠጣው ሁሉ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። የተጠራቀመውም ውሃ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም የሚባል ጨው ያቀጥነዋል። የሶዲየም ልክ በጤናማ ሰው ደም በአንድ ሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው። ከዚህ በጣም ሲወርድ ውሃው ወደ አንጎል ሕዋሳት ይገባና አንጎል ያብጣል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ይመጣል። የሰውነት ክብደትም ባልታሰበ ፍጥነት ይጨምራል። ከዚያም መደናገርና መፍዘዝ ይከተላል። በመጨረሻም መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይደርሳል። አበው «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚሉት ተረት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ይህ ለማስፈራራት የተነገረ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ዴስሞፕሬሲን ከወሰዱ በኋላ ሶዲየማቸው ወርዶ መንቀጥቀጥ የደረሰባቸውን የ61 ሰዎች ታሪክ መርምሯል። ከእነዚህም 2ቱ ሞተዋል። በዚሁ ዓመት በአፍንጫ የሚነፋው ዓይነት ለአልጋ ላይ ሽንት ሕክምና መሰጠቱ በአሜሪካም በእንግሊዝም ቀርቷል። በአፍ የሚወሰደው ክኒን ግን ሥርዓቱ ተጠብቆ እስከ ዛሬ ለብዙ ልጆች ይታዘዛል። ስለዚህ ጥያቄው መድኃኒቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው የሚል አይደለም። ለማን፣ ለምን በሽታ፣ በምን መልክ፣ በምን ያህል መጠን፣ ከምን ያህል ውሃ ጋር የሚለው ነው።

ስለ መጠን ካነሣን አሳሳቹ ነገር ቁጥሩ ነው። ዴስሞፕሬሲን በክኒን፣ ከምላስ ሥር በሚሟሟ ፍሬ፣ በአፍንጫ በሚነፋ ብልቃጥና በመርፌ ይሰጣል። የተዋጠ ክኒን ከሆድ ወደ ደም የሚገባለት እጅግ ጥቂቱ ስለሆነ በክኒን የሚሰጠው ቁጥር ትልቅ ነው። በግምት ሲነጻጸር 200 ማይክሮግራም ክኒን፣ 120 ማይክሮግራም ከምላስ ሥር የሚሟሟ፣ 10 ማይክሮግራም በአፍንጫ የሚነፋና 1 ማይክሮግራም መርፌ ተቀራራቢ ሥራ ይሠራሉ። አንዱን በሌላው ቁጥር የለወጠ ሰው መጠኑን በ10 ወይም በ200 እጥፍ ሊያሳስት ይችላል ማለት ነው። በዚህ ላይ አንዳንዱ ክኒን 0.2 ሚሊግራም፣ ሌላው 200 ማይክሮግራም ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱ አንድ ናቸው፤ አንድ ሚሊግራም 1000 ማይክሮግራም ነውና።

የዚያች የ8 ዓመት ልጅ እናት ነገር የማይረሳኝም በዚሁ ምክንያት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአፍንጫ የሚነፋ ብልቃጥ ይዛ መጣችና «እኅቴ፣ በእያንዳንዱ አፍንጫው ስንት ስንት ጊዜ ልንፋለት?» ብላ ጠየቀችኝ። ብልቃጡን ከውጭ አገር የላከችላት የአክስቷ ልጅ ናት፤ የእርሷ ጎረቤት ተጠቅማበት የተረፈ ነው። አዙሬ ሳነበው በአንድ ንፊያ 150 ማይክሮግራም ይላል። ለሽንት ሕመም የሚሠራው የአፍንጫ ብልቃጥ በአንድ ንፊያ የሚሰጠው 10 ማይክሮግራም ነው። ይህኛው 15 እጥፍ የሆነው ደም አልቆም ለሚላቸው ሰዎች ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ነው። «እኅቴ፣ ይህ ለልጅሽ የተሠራ አይደለም፤ አንድ ጊዜም አትንፊለት» አልኋት። ሴትዮዋ ዝም ብላ ቆየችና «ዛሬ ማታ ልጀምርለት ነበር» አለች። ልጇ የለመደው ከመተኛቱ በፊት አንድ ትልቅ ኩባያ ሻይ በወተት መጠጣት ነው። ይህን ስትነግረኝ የእኔም ልብ ደነገጠ።

አሁን በየተራ እንያቸው። በመጀመሪያ አልጋ ላይ የሚሸና ልጅ። በ5 ዓመታቸው ከ100 ልጆች 15 ያህሉ ሌሊት አልጋ ያረጥባሉ። ካደጉ በኋላም ያለ ምንም መድኃኒት በየዓመቱ ብዙዎቹ ይተዉታል። ነገሩ በዘር የሚሄድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ እናት ወይም አባት በልጅነታቸው እንዲሁ ነበሩ። ስንፍናም ጥጋብም አይደለም። ስለሆነም ልጅን መግረፍ፣ ፍራሹን አደባባይ አውጥቶ ማሳፈር፣ በእኅት ወንድሞቹ ፊት መሳቂያ ማድረግ ሕመሙን ያብሳል እንጂ አያድንም። ከመድኃኒት በፊት ቀን በቀን በቂ ውሃ መስጠት፣ ማታ መቀነስ፣ ሳይተኛ ሽንት ማሸናት፣ የሆድ ድርቀት ካለ ማከም ይቀድማል። ደርቆ የቆየ ልጅ በድንገት ማርጠብ ከጀመረ፣ ወይም ብዙ ውሃ እየጠጣ ከከሳ፣ የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

ሐኪሙ ዴስሞፕሬሲን ካዘዘለት የተለመደው መነሻ ለ6 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ በመኝታ ሰዓት 0.2 ሚሊግራም ክኒን ነው። ከምላስ ሥር የሚሟሟ ከሆነ ደግሞ 120 ማይክሮግራም ነው፤ ይህም ያለ ውሃ ይወሰዳል። መጠኑ ቢጨመር የሚጨምረው ሐኪሙ ብቻ ነው። አንድ ማታ ቢረሳ በማግሥቱ ደርቦ መስጠት የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ 1 ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት በኋላ ልጁ የሚጠጣው ጥምን ለማስታገስ ያህል ብቻ ይሁን። ውሃ ሲባል ውሃ ብቻ አይደለም፤ ሻይ፣ ወተት፣ ጭማቂ፣ ሾርባ፣ ለስላሳ፣ ሐብሐብም ሁሉ ይቆጠራል። በየ3 ወሩ ለአንድ ሳምንት ያህል አቁሞ ልጁ ያለ መድኃኒቱ መድረቅ አለመድረቁን ማየትም የተለመደ ሥርዓት ነው።

አሁን ደግሞ እኛ እናቶች በፍቅር የምንሳሳትበትን ቦታ ልንገራችሁ። ልጅ ሲያተኩሰው፣ ሲያስቀምጠው ወይም ሲያስታውከው ምን እናደርጋለን? አጥሚት፣ ሾርባና ኦ.አር.ኤስ. አብዝተን እናጠጣለን። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ያን ሰሞን ለአልጋ ላይ ሽንት የሚሰጠው ዴስሞፕሬሲን መቆም አለበት። ልጁ ዋና የሚሄድበት ቀን ከሆነም እየዋኘ ብዙ ውሃ ሊውጥ ይችላልና ያን ማታ አይሰጠውም። ጸበል የሚወሰድ ልጅም እንዲሁ ነው። በማለዳ በባዶ ሆዱ ብዙ ጸበል የሚጠጣ ከሆነ፣ የሌሊቱ መድኃኒት ገና ከሰውነቱ አልወጣም ይሆናልና በዋዜማው መድኃኒቱ አይሰጠው። ጸበሉንም መድኃኒቱንም ማክበር ይቻላል፤ ሁለቱን በአንድ ሌሊት ማገናኘት ነው አደጋው።

ወደ ሁለተኛዋ እንሂድ። በሌሊት አራት ጊዜ የሚነሡትን እናቷን መድኃኒቶች ሁሉ በፌስታል ይዛ ነበር የመጣችው። ፌስታሉን ስፈታው ከደም ግፊት ክኒኖቹ መካከል ፉሮሴማይድ አገኘሁ፤ ይህም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ነው። «እማማ ልባቸውን ያማቸዋል?» ብዬ ብጠይቃት «አዎን፣ እግራቸውም ያብጣል» አለችኝ። ልቡ የደከመ ሰው፣ ፉሮሴማይድን የመሰለ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ፣ ኩላሊቱ በደንብ የማይሠራ ወይም የደሙ ሶዲየም ከልክ በታች የሆነ ሰው ለሌሊት ሽንት ብሎ ዴስሞፕሬሲን አይሰጠውም። መድኃኒቱን ሳልሸጥላት ወደ ሐኪማቸው እንድትመለስ አደረግሁ። የሌሊቱ መነሣት ከልባቸው ሕመም ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘና ሕክምናቸው በዚያው ተስተካከለ።

እዚህ ላይ ሴቶች ሁሉ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ለሌሊት ሽንት የተፈቀደው ከምላስ ሥር የሚሟሟ ዴስሞፕሬሲን ለወንድ 55.3 ማይክሮግራም ሲሆን ለሴት 27.7 ማይክሮግራም ነው። የሴቷ የወንዱ ግማሽ ነው ማለት ነው። ምክንያቱም የሴቶች ሰውነት ለዚህ መድኃኒት ይበልጥ ስለሚታዘዝና ሶዲየማችን ቶሎ ስለሚወርድ ነው። ስለዚህ «አባባ የወሰዱትን እማማም ይውሰዱ» ማለት አይቻልም። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ከተጀመረ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከዚያም በወሩ ገደማ የደም ሶዲየም ምርመራ ይደረጋል። ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰዎች ምርመራው ከዚያም ይጠብቃል።

ሦስተኛዋ ወጣት ታሪኳ ሌላ ነው። የእርሷ ሰውነት ቫሶፕሬሲንን ከነጭራሹ አያመነጭም። ያለ መድኃኒቱ በቀን እስከ 10 ሊትርና ከዚያም በላይ ውሃ መሰል ሽንት ልትሸና ትችላለች። ለእርሷ ዴስሞፕሬሲን ለጎደለው ሆርሞን ምትክ ነው፤ መቋረጡም ሕይወቷን ለአደጋ ይጥላል። ለአዋቂ የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ በ0.05 ሚሊግራም ክኒን በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ሰውየው ሁኔታ በቀን ከ0.1 እስከ 0.8 ሚሊግራም ድረስ ተከፋፍሎ ይሰጣል። የምትጠጣውም ጥሟ በሚነግራት ልክ ነው እንጂ ለመጠጣት ብላ አይደለም። ቢያስታውካት፣ ቢያተኩሳት ወይም ምግብ ብትከለከል መድኃኒቱን በራሷ አቁማ ቤቷ መቀመጥ የለባትም፤ ያለ ጥርጥር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለባት።

የዚህ ሕመም የቀድሞ ስሙ ዲያቤትስ ኢንሲፒደስ ነበር። ዲያቤትስ የሚለው ቃል ስኳር በሽታን ስለሚያስታውስ፣ በሌላ ምክንያት ሐኪም ቤት የተኙ ሕሙማን ስኳር ብቻ እየተለካላቸው ዴስሞፕሬሲን ሳይሰጣቸው ቀርቶ ለከባድ አደጋ ተዳርገዋል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2016 ስለዚህ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2022ም ሕመሙ የቫሶፕሬሲን እጥረት እንዲባል ዓለም አቀፍ ሐኪሞች ተስማሙ። ለወጣቷ የመከርኋት ይህንኑ ነው። የሕመሟንና የመድኃኒቷን ስም፣ መጠኑንም በወረቀት ጽፋ በቦርሳዋ እንድትይዝ፣ መድኃኒቱም ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መፈለግ እንድትጀምር ነገርኋት። ይህ ሕመም በእርግዝና ጊዜም አንዳንድ ሴቶችን ይይዛል። የእንግዴ ልጅ የሚያመነጨው ኢንዛይም የተፈጥሮውን ሆርሞን ሲያፈርሰው፣ ዴስሞፕሬሲንን ግን አያፈርሰውም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ጥሟና ሽንቷ ከልክ ካለፈ «እርግዝናው ነው» ብላ አትለፈው።

የደም መፍሰስንም በአጭሩ ልጨምር። ይኸው መድኃኒት በደም ውስጥ ያሉትን አርጊ ነገሮች ከፍ ስለሚያደርግ፣ ቀላል የሆነ ሄሞፊሊያ ኤ ላለባቸውና አንዳንድ ዓይነት የቮን ዊሌብራንድ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ጥርስ ሲነቀል ወይም ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ይሰጣል። መጠኑ በመርፌ ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.3 ማይክሮግራም ሲሆን ቀስ ተብሎ በደም ሥር ይገባል። ይህም በሐኪም ዓይን ሥር የሚደረግ ነው። በማከታተል ሲሰጥ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከተሰጠም በኋላ ለ24 ሰዓት መጠጥ ይለካል። ከልጅነቷ ጀምሮ የወር አበባዋ ከልክ በላይ የሚፈስ፣ ድድዋ የሚደማ ልጃገረድ ያለቻችሁ እናቶች፣ ነገሩን በዝምታ አትሸፍኑት። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላልና አስመርምሯት።

እንግዲህ እኅቶቼ፣ ዴስሞፕሬሲን በቤታችሁ ካለ የሚከተሉትን አጥብቃችሁ ያዙ። አንደኛ፣ ማዘዣው ላይ ያለው ስም የእናንተ ወይም የልጃችሁ ካልሆነ አትንኩት። ሁለተኛ፣ በብልቃጡ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሚሊግራም ይሁን ማይክሮግራም፣ የሚዋጥ ይሁን የሚነፋ አንብቡ፤ ያልገባችሁን ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ቤት ውስጥ ያሉትን መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩ፤ አይቡፕሮፌን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒንና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ከዚህ ጋር ሲገናኙ የሶዲየምን መውረድ ያባብሳሉ። አራተኛ፣ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ መደናገር ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ካያችሁ መድኃኒቱንም መጠጡንም አቁማችሁ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ የቫሶፕሬሲን እጥረት ያለበት ሰው ከሆነ ግን መድኃኒቱን ስለ ማዘግየት የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ጨው በጥብጦ ማጠጣት አይሆንም፤ ችግሩ የጨው ማነስ ሳይሆን የውሃ መብዛት ነውና። የተንቀጠቀጠ ሰው ካለ በጎኑ አስተኝታችሁ፣ በአፉ ምንም ሳትጨምሩ አድርሱት።

በመጨረሻም ይህን ለቤት ሠራተኛዋ፣ ለአያትና ልጁን ለሚጠብቀው ሁሉ ንገሩ። እናት ሥራ ውላ ስትመለስ መድኃኒቱን በሰዓቱ ትሰጥ ይሆናል፤ ሌሊት «ጠማኝ» ሲል ውሃ የሚያቀብለው ግን ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በመድኃኒቱ ካርቶን ላይ መጠኑንና የመጠጡን ሰዓት በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉበት።